በሽታው ሰበብ ነው

እንደ እኛ ወሬውን ሁሉ በጤና የሚጀምር ሕዝብ መኖሩን እንጃ። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ጤና ይስጥልኝ» ነው። ስልክ ስንደውል «እንዴት ናችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እማማስ እንዴት ከረሙ?» ስንል ቆይተን፣ የደወልንበት ጉዳይ የሚነሳው ካርዱ ሊያልቅ ሲል ነው። እንዲህ ጤና ጤና የምንል ሰዎች ታዲያ፣ ማታ ቴሌቪዥን ከፍተን የማናውቀው የፈረንጅ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ስናመሽ ትንሽ አይገርምም? በሲዲ ቤቶች ዘመን የ«ሐውስ»ን ወይም የ«ግሬይስ አናቶሚ»ን አንድ ሲዝን ተከራይቶ በሁለት ሌሊት የሚጨርስ ስንቱ ነበር! ዛሬ ሲዲ ቤቱ ቀርቶ ነገሩ በስልክ ሆነ እንጂ ሱሱ ያው ነው። ጎኑን እየወጋው ሐኪም ቤት ላለመሄድ ሦስት ወር ሙሉ ምክንያት የሚደረድር ጎረምሳ፣ በቴሌቪዥን ሲሆን ግን ድንገተኛ ክፍል ገብቶ ያድራል።

«ምኑ ነው የሚስባችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ «ሕክምናው ደስ ይላል፤ ትምህርትም አለው» ይሏችኋል። እኔ ይህን መልስ አልቀበልም። ሕክምናውንማ ማን ገብቶት! ሐኪሞቹ እየሮጡ የሚወራወሩት የመድኃኒትና የምርመራ ስም ለአሜሪካዊው ተመልካችም አይገባውም፤ እንዲገባውም ተብሎ አልተጻፈም። እንደ ከበሮ ነው፤ የልባችንን ምት ለማፍጠን የሚመታ። የእነዚህ ድራማዎች ጉዳይ በሽታ አይመስለኝም። በሽታው ሰበብ ነው። ዋናው ነገር ቃል ነው። ማን ለማን ምን ይነግራል? ምኑን ይደብቃል? መቼስ ይናገራል? ሰው ጤነኛ ሆኖ ዓመት ከዓመት የሚያሳድረው ንግግር፣ አልጋ ላይ ሲወድቅ የሰዓታት ጉዳይ ይሆናል። ተመልካቹን እስከ እኩለ ሌሊት የሚያስቀምጠው ይኼ ነው ባይ ነኝ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1961 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሁለት የሐኪም ድራማዎች በአንድ ሰሞን ተጀመሩ፤ «ዶክተር ኪልዴር» እና «ቤን ኬሲ»። «ቤን ኬሲ» ሲጀምር አንድ እጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አምስት ምልክቶች ይጽፋል። አንድ ድምፅም እየተከተለ ይጠራቸዋል፦ ወንድ፣ ሴት፣ ልደት፣ ሞት፣ ዘላለም። እንግዲህ አዘጋጆቹ ምን እንደያዙ ገና ከጅምሩ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው። ሐኪሞቻቸው ግን መልከ መልካምና ሁሉን አዋቂ ነበሩ። በሽተኛው የሚጠበቅበት ማመን ብቻ ነው።

የሚገርመው፣ በዚያው በ1961 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ሐኪሞቹ «ካንሰር ለያዘው ሰው በሽታውን ትነግሩታላችሁ?» ተብለው ተጠየቁ። 90 ከመቶው አለመንገርን እንመርጣለን አሉ። ልብ በሉ፤ ይህ አሜሪካ ነው! ያው መጠይቅ በ1979 ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሐኪሞች ሲቀርብ ደግሞ 97 ከመቶው መንገርን እንመርጣለን አሉ። በ18 ዓመት ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። «ፈረንጅ ደረቅ ነው፤ ፊት ለፊት ይነግርሃል» እያልን ከተፈጥሮው የመጣ የምናስመስለው ጠባይ፣ ለካ የትናንት ልማድ ነው።

ድራማውም አብሮ ተለወጠ። በ1972 «ማሽ» የሚባለው ተከታታይ ተጀመረ። ቦታው በኮርያ ጦርነት ግንባር አጠገብ ያለ የድንኳን ሆስፒታል ነው፤ የእኛዎቹ የቃኘው ሻለቃ ልጆች በተዋጉበት በዚያው ጦርነት። በ1975 ከወጡት ክፍሎቹ አንዱ «አቢሲኒያ፣ ሄንሪ» ይባላል። ሐበሻ ስሙን ሲያይ ደንገጥ ማለቱ አይቀርም፤ ከእኛ ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር የለም። በእንግሊዝኛ «በደህና ያገናኘን» እንደ ማለት ያለው የስንብት ቃል ቶሎ ሲባል «አቢሲኒያ» ስለሚመስል የተበጀ የቃላት ጨዋታ ነው። የሆስፒታሉ አዛዥ ሄንሪ ብሌክ አገልግሎቱን ጨርሶ ወደ ቤተሰቡ ይሸኛል። ሳቅ አለ፣ መጠጥ አለ፣ መተቃቀፍ አለ። መጨረሻ ላይ ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ላይ ሳሉ ወጣቱ ጸሐፊ ወረቀት ይዞ ይገባል። ሄንሪ የተሳፈረበት አውሮፕላን በጃፓን ባሕር ላይ ተመትቶ ወድቋል፤ የተረፈ የለም።

አብዛኞቹ ተዋንያን ያንን የመጨረሻ ገጽ ያዩት ሊቀረጽ ሲል ነበር። «ማሽ» ከጀርባው የተቀዳ ሳቅ የሚሰማበት ኮሜዲ ነው፤ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ውስጥ ግን ሳቅ እንዳይገባ አዘጋጆቹ ከልክለዋል። በዚያ ዝምታ ውስጥ መርዶው ተነበበ። ማንም ሥራውን ጥሎ አልወጣም፤ ማንም ደረቱን አልመታም። ቁስለኛው ጠረጴዛው ላይ ነው። ከጭምብሉ በላይ የሚታየው ዓይን ብቻ ሆኖ፣ እጅ ግን መስፋቱን ቀጠለ። ኀዘን ለሥራ ቦታ እንደማይለቅ፣ ሥራም ለኀዘን እንደማይቆም ያሳየ ትዕይንት ነው። ቀብር ውሎ በማግሥቱ ቢሮ የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ «ኢ አር» መጣ። ደራሲው ማይክል ክራይተን ሐርቫርድ ሕክምና ተምሮ የወጣ ሰው ነው። ተማሪ ሳለ ድንገተኛ ክፍል ያየውን በ1974 ጻፈው፤ ጽሑፉ 20 ዓመት ተቀምጦ በ1994 ለቴሌቪዥን በቃ። እስከ 2009 ድረስ 331 ክፍሎች ወጥተውታል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል በ1995 የታየውን የዶክተር ማርክ ግሪንን ሌሊት እመርጣለሁ። የጻፈው ራሱ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም የነበረው ላንስ ጄንቲል ነው፤ የኤሚ ሽልማትም አግኝቶበታል።

አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ከባሏ ጋር ትመጣለች። ቀላል ነገር ይመስላል። ግሪን የፊኛ ኢንፌክሽን ነው ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ ያሰናብታታል። ከግቢው ሳትርቅ ሰውነቷ ተንዘፍዝፎ ትወድቃለች። ለካ የእርግዝና ደም ግፊት ነበር፤ እኛም አገር ስንት እናት የቀጠፈው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰው ስህተቱን ለማረም በእጁም በጥርሱም የሚታገልበት ሌሊት ነው። ሕፃኑ ይተርፋል። እናቱ ትሞታለች። አሁን ግሪን ጨቅላውን ወዳቀፈው ባል ሄዶ መንገር አለበት። መልከ መልካሙ ኪልዴር በዚህ በር ገብቶ አያውቅም ነበር። ግሪን ይገባል። ከዚያ በከተማው ባቡር ወደ ቤቱ ሲሄድ ብቻውን ተቀምጦ ያለቅሳል። ሐኪም ሲያለቅስ ማየት ምን ያደርጋል? ያደርጋል። ከሞቱት ሁሉ ጀርባ አንድ የሚያውቅ ሰው እንደነበረ፣ ስማቸውን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሄደ ይነግረናል። አስከሬን ተቀብለን ከሆስፒታል ስንወጣ ከምንም በላይ የሚቆረቁረን ያ አይደለም እንዴ፤ ለእነሱ ከሰኞ ሥራ አንዱ ሆኖ ቀረ ማለት ነው ወይ የሚለው?

ይህን ሁሉ ሳወድስ ድራማዎቹ አይዋሹም ማለቴ አይደለም። ይዋሻሉ፤ ያውም በቁጥር የተያዘ ውሸት። በ1996 «ኒው ኢንግላንድ» በሚባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት «ኢ አር»ን ጨምሮ ከሦስት የቴሌቪዥን ሥራዎች 97 ክፍሎችን ተመለከተ። ልቡ ቆሞ ደረቱ እየተጫነ ነፍስ ይዝራ የተባለ ሰው 60 ጊዜ ያህል ታይቷል። ከእነዚህ 75 ከመቶው ለጊዜው ተርፈዋል። በሕክምና መጻሕፍት ላይ ካለው እጅግ ተስፈኛ ቁጥር እንኳ የሚበልጥ ነው። ይህ ቀላል ውሸት አይደለም። «ሐኪሙ አልሞከረለትም እንጂ ይነሳ ነበር» የሚል ጸጸት ለቤተሰብ ትቶ ይሄዳል።

«ግሬይስ አናቶሚ» ደግሞ በሌላ በኩል ይበድላል። ሾንዳ ራይምስ በ2005 የጀመረችው ይህ ተከታታይ በ2019 «ኢ አር»ን በክፍል ብዛት በልጧል። ፍቅሩ በዝቶ ሆስፒታሉን የሰርግ አዳራሽ አስመስሎታል። አንድ ሆስፒታል ቦምብ፣ ተኩስ፣ የአውሮፕላን አደጋ በተራ ሲደርስበት፣ ጠበል ቢረጩት ይሻላል ያሰኛል። ቢሆንም የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ያየ ሰው ሜሬዲትን አይረሳም። እናቷ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ አሁን የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ልጅቱ የእናቷ ስም በሚወደስበት ሆስፒታል እየሠራች የእናቷን ሕመም ትደብቃለች፤ እናትየው እንዳይነገር ብለዋላ! ፍቅሩንና ቦምቡን ሁሉ አውጥታችሁ ጣሉና ይቺን ብቻ አስቀሩ፤ የማንኛችንም ቤት ታሪክ ይሆናል።

ስለ መደብደብ ካነሳን፣ ጌታው «ሐውስ» ነው። ከ2004 እስከ 2012፣ 177 ክፍሎች። ዴቪድ ሾር ገጸ ባሕርዩን የቀዳው ከሼርሎክ ሆምስ ነው። እንግሊዛዊው ሂው ሎሪ የሚጫወተው ዶክተር ሐውስ እግሩን የሚያመው፣ አፉ ስለት የሆነ፣ በማስታገሻ ኪኒን የሚኖር ሰው ነው። አንድ እምነት አለው፤ ሰው ሁሉ ይዋሻል። ስለዚህ በሽተኛውን ከመጠየቅ ረዳቶቹን ልኮ ቤቱን ማስበርበር ይመርጣል። እኛ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የምንለውን ተረት ሐውስ የሥራ መመሪያ አድርጎታል። እያንዳንዱ ክፍል ሲጨርስ የሚገኘው የበሽታ ስም ነው፤ እኛ የምናስታውሰው ግን የተደበቀውን ነገር ነው። ከሚስት የተደበቀ ልጅ፣ ከአባት የተደበቀ ኑሮ፣ ከራስ የተደበቀ ፍርሃት።

አጨራረሱን ደግሞ ተመልከቱ። የሐውስ ብቸኛ ወዳጅ ዊልሰን የካንሰር ሐኪም ነው፤ እሱን ራሱን ካንሰር ይይዘዋል። አምስት ወር ተብሏል። ሐውስ በሠራው ጥፋት ስድስት ወር ሊታሰር ነው። ሒሳቡን ሠርታችሁታል። ያ ሰው ሁሉ ይዋሻል ባይ፣ ራሱ ትልቁን ውሸት ይዋሻል። የሞተ መስሎ ስሙንም ሙያውንም ይቀብርና፣ ከወዳጁ ጋር በሞተር ብስክሌት ይሄዳል። ስምንት ዓመት ሙሉ እንቆቅልሽ ሲፈታ የኖረ ድራማ ሲያልቅ የቀረው መልስ አንድ ነው፤ አብሮ መሆን። የተሻለ ምርመራ አላገኘም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እነዚህን ድራማዎች ሳይ ሁልጊዜ አንድ የሚጎድል ሰው አለ። አስታማሚ! የእኛ ሆስፒታል ያለ አስታማሚ ሆስፒታል አይደለም። ካርድ የሚያወጣው፣ መድኃኒት ፍለጋ የሚዞረው፣ አልጋው ሥር ጋቢ አንጥፎ የሚያድረው፣ አጥሚቱን በፔርሙዝ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ከዚያ የመጠየቂያ ሰዓት ሲደርስ ዕድርተኛው፣ ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው ይጎርፋል። የአሜሪካው በሽተኛ ግን ብዙውን ጊዜ ብቻውን ተጋድሟል። ድራማው ነርሷንና ሐኪሙን ቤተሰብ የሚያደርገው ሌላ ሰው ስለሌለው ጭምር ነው። ይህን አይቶ «አይ የእኛ ነገር! ምን አለን እንጂ ሰውስ አለን» የማይል የለም። እውነት ነው፤ አለን።

ግን እስቲ ደግሞ ሌላውን ገጽ እንግለጠው። የእኛ ሐኪም ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ማንን ይጠራል? ታላቁን ልጅ። «እስቲ አንዴ ና» ብሎ ወደ ኮሪደር ያወጣዋል። ልጅየው ፊቱን ጠርጎ ተመልሶ፣ «ጨጓራ ነው አሉ አባዬ፣ በመድኃኒት ይጠፋል» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ቲያትር ቤት ይሆናል። ጠያቂው ሁሉ የጨጓራ መድኃኒት እያዘዘ ይገባል፤ ደጅ ወጥቶ ያለቅሳል። የአሜሪካው በሽተኛ ያውቃል፤ ግን ብቻውን ነው። የእኛው ብቻውን አይደለም፤ ግን አያውቅም። ሐውስ በሽተኛው ይዋሻል አለ። እኛ ዘንድ የሚዋሸው ጠያቂው ነው።

አሜሪካ የምትኖር የማውቃት ሴት አለች። እናቷን ለማሳከም ወስዳ፣ ሐኪሙ ዘንድ ያስተረጎመችው እሷው ነበረች። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ተናገረ። እሷ ወደ እናቷ ዞረችና «ደህና ነሽ እማዬ፤ መድኃኒቱን በደንብ ውሰጂ ነው የሚልሽ» አለቻት። እናትየው «ይህን ሁሉ ሰዓት ያወራው ይህንኑ ነው?» አለች። «አዎ፣ ፈረንጅ ወሬ ያበዛል» አለች ልጅት። ሁለቱም ሳቁ። እናትየው ከአምስት ወር በኋላ አረፈች። ከቀብሩ በኋላ ሻንጣዋ ሲከፈት፣ ወርቋም ቀሚሶቿም ለየልጆቹ ተለይተው፣ በየስማቸው ታስረው ተገኙ። ከመጀመሪያው ቀን ገብቷታል! ልጇ እንዳትጨነቅ ብላ እሷም ዝም አለች። እንግዲህ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች አምስት ወር ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር እየተሳሳቁ ኖረው፣ አንዷ ለሌላዋ መናገር የሚገባትን ሳትናገር ተለያዩ። ይህን ምን እንበለው? ውሸት እንዳንለው ፍቅር ነው። ፍቅር ብቻ እንዳንለው ዕዳ ትቶ አልፏል።

መደበቃችን ጥበብ የለውም አልልም። መርዶ በጠዋት በሽማግሌ የሚነገረው ማንም ሰው ክፉ ወሬን ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ባል በኮሪደር ላይ ቆሞ ከሚረዳበት ከ«ኢ አር» ሥርዓት ይልቅ የእኛ ይበልጣል እላለሁ። ችግሩ፣ ለቋሚ ያበጀነውን ጥበብ ለሟች አላበጀንለትም። ሟች ብቻ ነው የራሱን ነገር የማይረዳው።

ይህን እንዳስብ ካደረጉኝ አንዱ በጥር 2025 የተጀመረው «ዘ ፒት» ነው። በ15 ክፍሎች የአንድን ቀን 15 ሰዓት የሥራ ፈረቃ ሰዓት በሰዓት ያሳያል፤ በዚያው ዓመት መስከረም የምርጥ ድራማ የኤሚ ሽልማትን ወስዷል። ዋናው ሐኪም ኖዋ ዋይሊ ነው። በ1994 በ«ኢ አር» ገና ጢሙን ያላስተካከለ የሕክምና ተማሪ ሆኖ የገባው ልጅ፣ አሁን ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ሆኗል። ዶክተር ሮቢ ይባላል። ዕለቱ ደግሞ መምህሩ በኮሮና ወረርሽኝ የሞቱበት ቀን መታሰቢያ ነው፤ ይህን ለማንም ሳይናገር ይውላል። የሐኪሙ በሽታም ይኸው ያልተነገረ ነገር ነው።

በዚያ ቀን አንድ አዛውንት ይመጣሉ። በመጨረሻዬ ሰዓት በመሣሪያ አታቆዩኝ ብለው ቀድመው ፈርመዋል። ልጆቻቸው ግን አልቻሉም፤ መተንፈሻው ይግባላቸው ይላሉ። ይገባል። ሰዓታት ካለፉ በኋላ አዛውንቱ መሰቃየታቸው ሲገባቸው ይለቋቸዋል። ያኔ ሮቢ ልጆቹን ቁጭ አድርጎ፣ መምህሩ ያስተማሩትን ከሐዋይ ደሴቶች የመጣ ልማድ ይነግራቸዋል። ለሚሞት ሰው አራት ነገር ይነገራል። እወድሃለሁ። አመሰግንሃለሁ። ይቅር በለኝ። ይቅር ብዬሃለሁ። በቃ። ልጆቹ በአባታቸው አልጋ ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ እየተንተባተቡ ለማለት ይሞክራሉ። ሩጫ የለም፣ ደም የለም። በቴሌቪዥን ካየኋቸው የሕክምና ትዕይንቶች ሁሉ ሕክምና ነው የምለው ይኼንን ነው።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ቃል አስቡት። እኛ በሽተኛ ስንጠይቅ ምን እንላለን? «እግዜር ይማርህ።» መዳንን የምንመኘው በምሕረት ቃል ነው። ሕመምንና በደልን በአንድ ግሥ የሚፈታ ቋንቋ ይዘን ነው የተቀመጥነው! ቃሉን በየቀኑ እንለዋለን፤ ምሕረቱን ግን ለእግዜር ብቻ ትተን እንወጣለን። «እግዜር ይማርህ» ያልነው ሰው እኛንም ይቅር እንዲለን እንፈልግ ነበር፤ ወይም እኛ ይቅር ያላልነው ነገር ነበር። ብርቱካኑን አስቀምጠን፣ «አይዞህ፣ ምንም አትልም» ብለን እንሄዳለን። ያቺ ልጅና ያቺ እናት ካንሰር የሚለውን ቃል ሳይጠሩም አራቱን ቃላት መባባል ይችሉ ነበር። እንዲነገር የግድ የምለው የበሽታው ስም አይደለም፤ ሰው እስከ መጨረሻው ላያውቅ ይመርጥ ይሆናል፤ መብቱ ነው። የመመራረቅና የይቅርታ ጊዜውን ግን ማንም ሊነፍገው አይገባም።

ስለዚህ ማታ ከድራማው ፊት የምንቀመጠው ሰው እንዴት እንደሚድን ለማየት አይመስለኝም። የሚድነውንማ 75 ከመቶ አድርገው አበላሽተውታል። የምንቀመጠው እኛ ልንላቸው ያልቻልናቸውን ቃላት ሌሎች ሲሉ ለመስማት ነው። የሰው ልጅ ከሰው አፍ በዓይኑ እየታየ ሊባል የሚገባው ነገር እንዳለ፣ ጊዜውም እንደሚያልቅ፣ እነዚህ ድራማዎች በእንግሊዝኛ ይነግሩናል። በአማርኛ የምንለው እኛ ነን። በሚቀጥለው ሳምንት የምትጠይቁት ሰው ካለ፣ ወንበሩን ትንሽ ጠጋ አድርጉት። ስለ ጨጓራ ከማውራታችሁ በፊት።

ቸር ይግጠመን።